የአርት መጽሐፍና መጽሔት እንዴት መርጠን እናግኝ፣ ካገኘን በኋላስ እንዴት እንሥራበት

ሥዕል ወይ ኢሉስትሬሽን (ለመጽሐፍና ለመጽሔት የሚሠራ ሥዕል) የጀመሩ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» ብለው ነው። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ደግሞ «ቤት ያለውን ስንቴ ገልጠህ ሠራህበት?» ብዬ ነው። እስካሁን ካየሁት፣ እጁ የሚፈታው ሃምሳ መጽሐፍ የደረደረው ሳይሆን ሦስቷን ይዞ ጥራዟ እስኪላላ ድረስ እርሳስ ጨብጦ አጠገቧ የሚቀመጠው ነው። የአርት መጽሐፍ እንደ ልብወለድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብበው መደርደሪያ ላይ የሚመልሱት ነገር አይደለም፣ እንደ ብሩሽ እንደ ቀለም የሥራ ዕቃ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ከየት እንደሚገኝ፣ ሲገዛ ምን እንደሚታይና ከዛ ደግሞ ዋናው፣ እንዴት እንደሚሠራበት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

መጀመሪያ ዓይነቱን እንለይ። አንድ ሠዓሊ ላይ ብቻ የተጻፈ አለ፣ አንድ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ አብሮ የሚታተም ካታሎግ አለ፣ ዘመኑን ሁሉ የሚያሳይ የታሪክ መጽሐፍ አለ፣ በየዓመቱ የተመረጡ ሥራዎችን ሰብስቦ የሚወጣ አለ፣ መጽሔት አለ። ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ሠዓሊ ላይ በተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ ጀምሩ ነው የምለው። ታሸን የሚባለው የጀርመን አሳታሚ፣ በ1980 ኮሎኝ ውስጥ የተጀመረው፣ ከ1985 ጀምሮ የሚያወጣቸው ባለ 96 ገጽ ቀጫጭን መጽሐፎች አሉት፣ አንድ ሠዓሊ አንድ መጽሐፍ፣ ሥዕሎቹ ተለቅ ተለቅ ያሉ፣ ጽሑፉ ቀለል ያለ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ሰዎች ጋርም አልፎ አልፎ አይጠፉም። ካታሎግ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እያንዳንዱ ሥዕል በምን እንደተሠራ፣ የት እንዳለ፣ ስንት ሜትር በስንት እንደሆነ በትክክል የሚጽፈው እሱ ነው፣ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚመዝነውም እሱ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ስታዙ ይህን አስቡ፣ ሰውየው የተፈቀደለት ሻንጣ 23 ኪሎ ከሆነ የእናንተ አንድ ካታሎግ የእናቱን ጫማ ሊያስቀር ይችላል፣ ለስላሳ ልባስ ያለው እትም ካለ እሱን ጠይቁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ፣ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ፣ ካፕሽን የምትባለውን። ስም፣ ዓመት፣ ማቴሪያል፣ መጠን፣ ያለበት ቦታ። ከሁሉም መጠኑን አንብቡ። ፒካሶ በ1937 የሠራው ጌርኒካና ዳሊ በ1931 የሠራው የቀለጡት ሰዓቶች ሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ፊት ለፊት ገጽ ላይ ቢታተሙ እኩያ ነው የሚመስሉት። ጌርኒካ ግን 3 ሜትር ከ49 በ7 ሜትር ከ77 ነው፣ የዳሊው ደግሞ 24 በ33 ሴንቲ ሜትር፣ ኤ ፎር ወረቀት ላይ ሦስት ሦስት ሴንቲ የጨመረ ነገር ማለት ነው፣ በቃ። እኔ ይሄን ያመንኩት በእጄ ሳደርገው ነው። ካርቶን በ24 በ33 ቆርጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከዛ ግቢ ወጥቼ የልብስ ማስጫ ገመድ በሜትር ለክቼ 7 ሜትር ከ77 ዘረጋሁ፣ ከበሩ ተነስቶ ግድግዳው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። አንደኛው ጎንበስ ብለው ትንፋሽ ይዘው የሚያዩት፣ ሌላኛው ከፊቱ እየተራመዱ የሚያዩት ነው፣ ሁለቱ ሰዎች ብሩሽ የያዙበት እጅ ራሱ አንድ ሊሆን አይችልም፣ አንዱ የጣት ሥራ ነው አንዱ የትከሻ። መጽሐፉ ሁለቱንም አንድ መዳፍ አሳክሎ ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ አንድን ሥዕል ልትማሩበት ስትቀመጡ መጠኑን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ እዩት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አዲስ አበባ በ1970 የተወለደችውን ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱን ውሰዱ። ኒውዮርክ ጎልድማን ሳክስ የሚባለው ባንክ ሕንፃ መግቢያ ላይ በ2009 የጨረሰችው ሥራ 24 ሜትር ገደማ ርዝመት 7 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ሙሉው አንድ ገጽ ላይ ሲታተም መስመሮቹ አቧራ ይሆናሉ። የእሷ ዓይነት ሥራ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ስትመርጡ ስንት ሥዕል አለው ብላችሁ ሳይሆን የአንዱን ሥዕል ቁራጭ አቅርቦ የሚያሳይ ገጽ ስንት አለው ብላችሁ ነው ማየት ያለባችሁ።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ

አዲስ አበባ ላይ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አራት ኪሎም፣ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡና አዟሪዎች ጋር የአርት መጽሐፍ ድንገት ነው የሚገኘው፣ ፈልጋችሁ ሳይሆን ተመላልሳችሁ ነው የምታገኙት። ከአንድ ሻጭ ጋር ተግባቡ፣ «ወንድሜ ሥዕል ያለበት ትልልቅ መጽሐፍ ሲገባ ደውልልኝ» ብላችሁ ስልክ ስጡ፣ እነሱ ጋ ትልቅ የሥዕል መጽሐፍ ቦታ ስለሚይዝ ቶሎ እንዲሄድላቸው ነው የሚፈልጉት፣ ዋጋም ይቀንሳሉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁ የሕዝብ ላይብረሪ በዓመት የተወሰነ ጊዜ የሚያወጣውን የመጽሐፍ ሽያጭ ጠብቁ፣ ትልልቅ ካታሎጎች በጥቂት ዶላር የሚሄዱበት ቦታ ነው።

እጃችሁ ሲገባ ወዲያው ዋጋ አትጠይቁ። መጀመሪያ ገጾቹን በአውራ ጣት ፈር ፈር አድርጉ። የአርት መጽሐፍ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ይሄ ወረቀት አንዴ ውሃ ከነካውና ተዘግቶ ከደረቀ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ስትነጥሉት ቀለሙ ተልጦ ነው የሚመጣ፣ መፍትሔ የለውም። ስለዚህ መሃል ላይ እንደ ጡብ የጠነከረ ቦታ ካለ ተዉት። ቀጥሎ የሥዕል ገጾቹን ቁጥር ተከታተሉ። እኔ አንዴ በጣም የምወደው ሠዓሊ መጽሐፍ አግኝቼ በደስታ ሳልፈትሽ ከፍዬ ሄድኩ፣ ማታ ቤት ገብቼ ስገልጠው ዘጠኝ ገጽ በምላጭ ተቆርጧል፣ የሆነ ሰው በፍሬም አድርጎ ሰቅሎት ይሆናል፣ ያውም ምርጥ ምርጡ። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት፣ ከዛ ወዲህ ጥራዙ ውስጥ የቀረ የወረቀት ጠርዝ ካለ ሳላይ አልገዛም። የድሮ የስዊዙ ስኪራ መጽሐፎች ላይ ደግሞ የቀለም ሥዕሎቹ ለብቻ ታትመው ገጹ ላይ በእጅ የተለጠፉ ናቸው፣ እነዚህ ተነስተው ባዶው ገጽ ብቻ ሊቀር ይችላል፣ አንድ በአንድ እዩ።

ከዛ ህትመቱ። ቀለም ህትመት ማለት ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦች ተደራርበው ነው፣ ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። የአራቱ ቀለሞች ማተሚያ ሰሌዳዎች በትክክል ካልተገጣጠሙ የፊት ጠርዝ ላይ ቀይ ወይ ሰማያዊ ክር የመሰለ ጥላ ይታያል። ማጉያ መነፅር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ የስልክ ካሜራ ዙም አድርጋችሁ አንድ ዓይን ወይ አንድ ከንፈር ላይ እዩ። አንድ ገጽ ላይ ከሆነ ይለፍ፣ መጽሐፉ ሁሉ እንደዛ ከሆነ ቀለም ልትማሩበት አትችሉም፣ ለቅንብር ብቻ ነው የሚሆናችሁ። ጥቁርና ነጭ የበዛበት የድሮ መጽሐፍ ግን አትናቁ፣ ብርሃንና ጥላ ለመማር እንደውም እሱ ይሻላል፣ ቀለሙ ዓይን ስለማይሰርቅ።

ገንዘብ ሳይወጣ

እውነት ለመናገር አሁን ላለ ተማሪ ብር ሰበብ መሆኑ ቀንሷል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከገበያ የወጡ ካታሎጎቹን በመቶዎች የሚቆጠሩትን ድረ ገጹ ላይ በነፃ በፒዲኤፍ ይሰጣል። የሎስ አንጀለሱ ጌቲ ሙዚየምም እንደዛው። ጉገንሃይም ሙዚየም ካታሎጎቹን ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ነፃ የዲጂታል ላይብረሪ ላይ አስቀምጧል። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነጥበብ ሙዚየም ሞማ ደግሞ ከተከፈተበት ከ1929 ጀምሮ ያሳያቸውን ኤግዚቢሽኖች ታሪክ ድረ ገጹ ላይ ዘርግቷል፣ የብዙዎቹ ካታሎግ ሙሉው አለ፣ የግድግዳው አሰቃቀል ፎቶ ሳይቀር። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ አንድ በአንድ አውርዱ፣ ሰላሳውን አንዴ አውርዶ ስልክ መሙላት ግን መጽሐፍ መደርደር ማለት ነው፣ ያው ነው።

ኢሉስትሬሽን ለምትሠሩ አንድ ውድ ነገር ላሳያችሁ። በ1896 ሙኒክ ከተማ ሁለት መጽሔቶች ተጀመሩ፣ ዩገንትና ሲምፕሊሲሲሙስ። ሁለቱም ሙሉ እትማቸው ዲጂታል ሆኖ በነፃ ይታያል፣ ዩገንትን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ነው የጫነው። ጀርመንኛ አያስፈልጋችሁም። ሲምፕሊሲሲሙስ ላይ የቶማስ ቴዎዶር ሃይነን ቀዩን ውሻ ፈልጉና እዩት፣ ቀይና ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ አንድ ቅርፅ፣ ከመንገድ ማዶ ሆናችሁ የምታውቁት ዓይነት። ያኔ ብዙ ቀለም ማተም ውድ ስለነበረ ሠዓሊዎቹ በሁለት በሦስት ቀለም መናገር ግድ ሆነባቸው፣ የወረቀቱን ነጭ ራሱ እንደ አንድ ቀለም ነው የሚጠቀሙት። ዛሬ ቲሸርት፣ ፖስተር፣ ስክሪን ፕሪንት የምትሠሩ ልጆች ያለባችሁ ችግር እኮ ያው የድሮው ነው፣ እያንዳንዱ ቀለም ሲጨመር ዋጋ ይጨምራል።

የአሁን ጊዜውን ለማየት ከ1959 ጀምሮ ካሊፎርኒያ የሚወጣው ኮሙኒኬሽን አርትስ በየዓመቱ የኢሉስትሬሽን ልዩ እትም አለው፣ ጀክስታፖዝ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ከጎዳና ሥዕልና ከኮሚክስ የመጣውን ዓለም ነው የሚያሳየው። እነዚህን ስታዩ ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ፣ የዘንድሮውን ብቻ አትዩ። የዘንድሮውን ብቻ ያየ ሰው የዘንድሮውን ሰው ነው የሚመስለው። አንድ የአሁን ካያችሁ አንድ የ1900፣ አንድ የ1960 እዩ።

የራሳችንን ሰዎች

ይሄ ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የፈረንሳዩን ማቲስን በደንብ የሚያውቅ ግን እስክንድር ቦጎሲያንን በስም ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ሲገጥመኝ ያመኛል። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ላይ አንድ መጽሐፍ ብቻ አንብብ ብትሉኝ የኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስን፣ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ2019 ያወጣውን የኢትዮጵያ የዘመናዊነት ሥነጥበብ ጥናት ነው የምለው። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፣ ቀስ ብላችሁ በቡድን አንብቡት፣ አንድ ምዕራፍ ለአንድ ሰው ተከፋፍላችሁ ለሌላው ማስረዳት ጥሩ ዘዴ ነው። ሌላው የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን በ2003 በዲያስፖራ ስላሉ ሠዓሊዎቻችን ያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ካታሎግ ነው። ከመጽሔት ደግሞ የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ ከ1967 ጀምሮ የሚያወጣው አፍሪካን አርትስ፣ በ1994 እነ ኦክዊ ኤንዌዞር የጀመሩት ንካ። የአፍሪካን አርትስ የድሮ እትሞች ጄስቶር የሚባለው የጥናት ጽሑፎች ድረ ገጽ ላይ አሉ፣ በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት ከከፈታችሁ በነፃ ኦንላይን ማንበብ የሚፈቀድ ኮታ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ላይብረሪያችሁ ሰብስክሪፕሽን እንዳለው ጠይቁ።

እስክንድር በ1964 የሠራው፣ አሁን ሰሜን ካሮላይና አርት ሙዚየም ያለው «የሌሊት በረራ» የምንለው ሥዕል አለ፣ 144 በ159 ሴንቲ ገደማ። ካፕሽኑን ብታነቡ ዘይት ቀለም ብቻ አይልም፣ ኮላዥም አለበት ይላል፣ ማለትም የተለጠፈ ነገር አለ፣ መጽሐፉ ላይ ግን ሁሉም እኩል ለስላሳ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ካነበባችሁ በኋላ ሥዕሉን ተመልሳችሁ ስታዩት የቱ ጋ ነው የተለጠፈው ብሎ ዓይናችሁ መፈለግ ይጀምራል፣ ያ መፈለግ ነው ትምህርቱ።

እድል ካገኛችሁ ደግሞ መጽሐፉን ይዛችሁ ዋናው ሥዕል ፊት ቁሙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ከ2008 ጀምሮ አለ፣ ሂዱ። የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥራ ፎቶውን ያላየ የለም፣ ግን 150 ካሬ ሜትር መስታወት በጀርባው ፀሐይ ሲገባ የሚሆነውን ወረቀት ሊያሳይ አይችልም፣ ወረቀት ብርሃን ይመልሳል እንጂ አያሳልፍም። አንዴ ይሄን ልዩነት በዓይናችሁ ካያችሁ ከዛ በኋላ የትኛውንም መጽሐፍ ስትገልጡ ምን ያህሉን ማመን እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

እርሳስ ይዞ መቀመጥ

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል ስሠራ እጄ ሲደርቅብኝ ሁሌ ወደዚህ ነው የምመለሰው። መጽሐፉን መስኮት አጠገብ አስቀምጣለሁ፣ አምፖሉን አጠፋለሁ፣ አምፖል ቀለሙን ያበላሻል ወረቀቱ ላይም ይንፀባረቃል። አንድ ገጽ እመርጣለሁ፣ አንድ ብቻ። አሥር ደቂቃ ምንም ሳልሠራ አያለሁ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ነው። ከዛ ስኬች ቡኬ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን ሠርቼ ሥዕሉን በሦስት ነገር ብቻ እሞላለሁ፦ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር። ዓይን የለ አፍንጫ የለ፣ ጥቁሩ የት ተከማቸ ብቻ። አምስት ስድስት ገጽ እንዲህ ስትሠሩ አንዱ ሠዓሊ ጥቁሩን ሁሌ ታች ግራ እንደሚያስቀምጥ፣ ሌላው መሃሉን ባዶ እንደሚተው ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፣ የትኛውም ጽሑፍ እንደዛ አድርጎ አይነግራችሁም።

ለቀለም ደግሞ ነጭ ካርቶን ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ብሱ። ካርቶኑን ሥዕሉ ላይ አድርጋችሁ በቀዳዳው የምትታየውን ቀለም ብቻ እዩ፣ ከዛ በቀለማችሁ በጥብጡና አጠገቧ ቀቡ። የፈረንሳዩን ሠዓሊ የቦናርን የጠረጴዛ ልብስ እንዲህ ሳየው፣ ለዓመታት ነጭ ነው ብዬ ያለፍኩት ጨርቅ ቀዳዳዋ ሥር አንዴ ሐምራዊ አንዴ ሰማያዊ ሆነብኝ፣ ንፁህ ነጭ የሆነችው አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች። ከዛ በኋላ ነጠላ ስስል ነጭ ቱቦ አንስቼ መቀባት አቆምኩ፣ መጀመሪያ ጥላው ምን ቀለም ነው እላለሁ።

ሦስተኛው የሥዕሉን አጥንት ወስዶ የራስን ሥጋ ማልበስ ነው። የወደዳችሁትን ቅንብር፣ ማለትም ጥቁሩ የት፣ ባዶው የት፣ ሰውየው ወዴት ዞሮ፣ እሱን ብቻ ያዙና በታክሲ ተራ ወይ ቡና በምታፈላ ሴት ሥሩት። የሰውን ሥራ ለልምምድ መገልበጥ ነውር የለውም፣ ድሮም ሠዓሊ እንዲህ ነው የተማረው፣ ነገር ግን ግልባጩን ፖስት ስታደርጉ የማን እንደሆነ ጻፉ፣ መሸጥ ደግሞ በፍጹም።

መጽሔት ላይ የምትሠሩት ከዚህ ትንሽ ይለያል። መጽሔት ውስጥ ሥዕል ብቻውን አይኖርም፣ ርዕስ አለ ጽሑፍ አለ። ስለዚህ ርዕሱ የተቀመጠበትን ባዶ ቦታ ሠዓሊው ከመጀመሪያ አስቦ እንዴት እንደተወው እዩ። አሠራሩን ስትገለብጡ ግን ተጠንቀቁ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡ እግሮች አሉት፣ የእኛ ፊደል ቁመቱ ተቀራራቢ ስለሆነ አንድ መስመር ጽሑፍ እንደ ወፍራም ጥለት ነው የሚታየው፣ ከሥዕሉ ጋር ይጋፋል። እኔ አሁን ገጽ ስሠራ ርዕሱን በአማርኛ በወፍራሙ ጽፌ አስቀምጬ ነው ሥዕሉን የምጀምረው።

በመጨረሻ አቀማመጥ። ክረምት ላይ የውጭውን ግድግዳ አስነክታችሁ አትደርድሩ፣ እርጥበቱ ከግድግዳው ወደ ልባሱ ይገባል፣ ሻጋታ ይጀምራል። አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ። ትልልቆቹን አታቁሙ፣ ክብደታቸው ጥራዙን ይጎትተዋል፣ አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ ከሦስት በላይ ግን አትደራርቡ፣ ከሥር ያለውን ለማውጣት ስለምትሰንፉ እሱ ሳይገለጥ ዓመት ያልፈዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አውጥታችሁ ገጾቹን አናፍሱ፣ ፀሐዩ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ፣ ቀጥታ ፀሐይ ቀለሙን ይመጠዋል። እኔ ሳናፍስ አንዷን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ትቻት እገባለሁ፣ ጠዋት ቡና ስጠጣ የተገለጠችዋን ገጽ ነው በዛ ቀን የምሠራባት።